«ፈርመሻል፣ ምንም የለሽም» ይለኛል፤ እውነት ምንም የለኝም?

ጥያቄ

ሰላም እህቴ፣ እንደምን አለሽ። ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ ግን እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። 37 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ካሊፎርኒያ ኦክላንድ አካባቢ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ) ነው በፊያንሴ ቪዛ ከአዲስ አበባ የመጣሁት። ባለቤቴ እዚህ ብዙ ዓመት የኖረ፣ ዜግነት ያለው፣ የጭነት መኪና ቢዝነስ ያለው ሰው ነው። ሲቲ ሆል ልንፈራረም ቀን ተቆርጦ እያለ ረቡዕ ማታ በእንግሊዝኛ የተጻፈ 14 ገጽ ወረቀት አመጣና «ፎርማሊቲ ነው፣ የመጀመሪያ ሚስቴ ስለጎዳችኝ ጠበቃዬ ነው አድርግ ያለኝ» አለኝ። አርብ ጠዋት እሱ ጠበቃ ቢሮ ሄደን ፈረምኩ። ጠበቃው የራስሽ ጠበቃ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ይመስለኛል፣ ያስተረጎመልኝ ባለቤቴ ነው፣ «አያስፈልግም በይው» አለኝ፣ እኔም እንደዛው አልኩ። ቪዛዬ 90 ቀን ነበር፣ ካልተጋባን መመለስ ነው፣ ቤተሰብ ሸኝቶኝ፣ ሥራዬን ለቅቄ ምን ብዬ ልመለስ?

አሁን ሁለት ልጆች አሉን፣ 6 እና 4 ዓመታቸው ነው። አገር ቤት ባንክ ውስጥ አካውንታንት ነበርኩ። እዚህ ግን ዴይኬር ውድ ነው ብሎ ቤት ቀረሁ፣ ማታ ማታ የመኪናዎቹን ኢንቮይስና ሂሳብ የምሠራው እኔ ነኝ፣ አንድም ቀን ተከፍሎኝ አያውቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ መፋታት እፈልጋለሁ ይላል። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም። አሁን «በፈረምሽው መሰረት ከልጆቹ ወጪ ሌላ አንድ ሳንቲም አትጠይቂኝም፣ ግን አዝኜልሽ 10 ሺህ ዶላር እሰጥሻለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ፈርመሽ ቤቱን ልቀቂ» ብሎኛል። እሁድ ይመጣሉ። እናቴ በስልክ «ክብርሽን ይዘሽ ውጪ፣ የሰው ገንዘብ ምን ያደርግልሻል» ትለኛለች። ሰው ደግሞ ለገንዘብ ነው የመጣችው እንዳይል እፈራለሁ። የ10 ዓመት ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዜግነት ገና አልጠየቅኩም። ያ ወረቀት እውነት አስሮኛል? ብጠይቅስ ስግብግብ እሆናለሁ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከኦክላንድ

መልስ

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ ያመመኝ ያ ረቡዕ ማታ ነው። ከመጣሽ ገና ሳምንታት፣ የምታውቂው ሰው እሱ ብቻ፣ የቪዛው ቀን እየቆጠረ፣ እና እሱ «ፎርማሊቲ ነው» ሲልሽ ምን ትይ ነበር? በዛን ሰዓት አልፈርምም ብሎ ለመቆም የሚያስፈልገው ነገር አንዱም በእጅሽ አልነበረም። ስለዚህ «ምን ነክቶኝ ፈረምኩ» እያልሽ ራስሽን የምትወቅሺበት ሌሊት ካለ እባክሽ ተይው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ወረቀቱንም አላየሁትም፣ ግን የጻፍሽልኝ እንዳለ ከሆነ ባለቤትሽ «ፈርመሻል አለቀ» የሚለው ነገር በካሊፎርኒያ ሕግ አላለቀም፣ ከማለቅም በጣም የራቀ ነው። ፕሪናፕ የሚባለው ነገር ውስጥ፣ ማለትም እንዳንቺ ከጋብቻ በፊት የሚፈረም ውል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው አንድ ላይ የሚታሰሩት፣ አንደኛው ንብረት ነው፣ ሁለተኛው ከፍቺ በኋላ አንዱ ለሌላው የሚከፍለው ሰፖርት፣ ስፓውዛል ሰፖርት ወይም አሊመኒ የሚሉት። ሕጉ ለሰፖርቱ የተለየ ጥበቃ አለው። በካሊፎርኒያ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 1612 ላይ ሰፖርት አልጠይቅም ብሎ የፈረመ ሰው ሲፈርም የራሱ ጠበቃ ካልነበረው ያ ክፍል አይጸናበትም። የሱ ጠበቃ እዛው ክፍል ውስጥ መቀመጡ አይቆጠርም፣ ላንቺ ብቻ የቆመ ሰው መሆን አለበት። ጠበቃ ቢኖርሽ ኖሮም እንኳን ዛሬ ተግባራዊ ይሁን ሲባል እጅግ ኢፍትሃዊ ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ሊያስቀረው ይችላል። «አያስፈልግም በይው» ብሎ ያስባለሽም ቢሆን ለሰፖርቱ ጉዳይ አይጠቅመውም፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ሕጉ የሚጠይቀው ጠበቃ ነበራት ወይስ አልነበራትም የሚለውን ነው።

የንብረቱ ክፍል ትንሽ ይለያል፣ እሱ ያለ ጠበቃም ሊጸና ይችላል፣ ግን በቀላሉ አይደለም። ጠበቃ አልፈልግም ያልሽው በአፍ ከሆነ አይበቃም፣ በተለየ ወረቀት ላይ በጽሑፍ መሆን አለበት። ወረቀቱን ካየሽበትና ጠበቃ ያዢ ከተባልሽበት ቀን እስከ ፊርማው ቢያንስ 7 ቀን ሊኖር ይገባል፣ ያንቺ ከረቡዕ እስከ አርብ ነው። ምን መብት እየተውሽ እንደሆነ በጽሑፍ ተብራርቶ ከመፈረምሽ በፊት ሊሰጥሽ ይገባል፣ ማብራሪያው የተደረገበትንም ውሉ የተጻፈበትንም ቋንቋ በደንብ የምትችይው መሆን አለበት። አስተርጓሚሽ ደግሞ በውሉ የሚጠቀመው ሰው ራሱ ነበር! ይሄን ሁሉ ዳኛ ሲያየው በፈቃደኝነት ነው የፈረመችው ለማለት ይከብደዋል፣ በፈቃድሽ አልፈረምሽም ከተባለ ደግሞ ሰፖርቱ ብቻ ሳይሆን የውሉ ጠቅላላ ይወድቃል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ከ14ቱ ገጽ ውጪ ለብቻው የፈረምሽው ነጠላ ወረቀት ትዝ ይልሻል? ካለ አትደንግጪ፣ ግን ጠበቃ ጋ ስትሄጂ መጀመሪያ ተናገሪው።

ይሄ ሕግ ዝም ብሎ አልመጣም፣ ታሪኩን ባወቅሽው ብቻሽን እንዳልሆንሽ ይገባሻል። ባሪ ቦንድስ የሚባል የቤዝቦል ተጫዋች አለ፣ እዛው ያንቺ አካባቢ ለሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ የተጫወተ፣ ባለቤቱ ከስዊድን የመጣች ናት። በ1988 ሊጋቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጠበቃ ቢሮ ወስዷት ፈረመች፣ እሱ ጠበቆች ነበሩት እሷ ማንም፣ እንግሊዝኛዋም ገና ነው ተብሎ ተከራክረውበታል። ሲፋቱ ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2000 ውሉ ይጸናል ተባለባት። ከዛ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች በሚቀጥለው ዓመት ሕጉን ቀየሩት፣ ቅድም ያልኩሽ 7 ቀን፣ የቋንቋው ነገር፣ የሰፖርቱ ጠበቃ፣ እነዚህ ሁሉ ያኔ የገቡ ናቸው፣ ከ2002 ጀምሮ ይሠራሉ። እሷ ያጣችውን ነው አንቺ በ2017 ስትፈርሚ ሕጉ ይዞ የጠበቀሽ።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ በፊያንሴ ወይም በትዳር ቪዛ የመጡ እህቶች የማያውቁት። ግሪን ካርድሽ ሲጠየቅ ባለቤትሽ አይ-864 የሚባል ፎርም ፈርሟል፣ ያለሱ አይሰጥሽም ነበር። ያ ፎርም ለአሜሪካ መንግሥት የገባው ቃል ነው፣ ገቢሽ ከፌደራል የድህነት መስመር 125 ፐርሰንት በታች እንዳይሆን እደግፋታለሁ የሚል፣ ለአንድ ሰው በ2025 መለኪያ ወደ 19,500 ዶላር በዓመት ማለት ነው፣ አንቺ የምታገኚው ይቀነስና ልዩነቱን። ፍቺ አያቆመውም። ፕሪናፕም አያቆመውም፣ በ2016 የካሊፎርኒያን ጉዳዮች የሚያየው የ9ኛው ሰርኪዩት ፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከቱርክ በመጣች ሴት ጉዳይ ላይ በግልጽ ወስኖታል፣ እሷም እንዳንቺ ምንም አልጠይቅም ብላ ፈርማ ነበር። የሚያቆመው ዜግነት ስታገኚ፣ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመት ሲቆጠርልሽ (10 ዓመት ሥራ ገደማ)፣ ወይም ግሪን ካርድሽን ትተሽ አሜሪካን ለቀሽ ስትሄጂ ወይም ከሁለት አንዳችሁ ስትሞቱ ነው። ስለዚህ ዜግነትሽን አትጠይቂ እያልኩ አይደለም፣ መቼ ብጠይቅ ይሻለኛል የሚለውን ግን ጠበቃዋን ሳታማክሪ እንዳትወስኚ።

እንግዲህ እኔን የሚያስጨንቀኝ የ2017ቱ ወረቀት አይደለም፣ የእሁዱ ነው።

ነገሩን እየው። አሮጌው ወረቀት በርግጥ የሚያስርሽ ቢሆን ኖሮ 10 ሺህ ዶላር ጨምሮ አዲስ ማስፈረም ለምን አስፈለገው? ልቡን አላውቀውም፣ ምናልባት እውነት አዝኖልሽ ይሆናል፣ ክፉ ሰው ነው ብዬ ልፈርድበት አልፈልግም። ግን አንቺ አሁን አዋቂ ነሽ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ 8 ዓመት ኖረሻል፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ተስማምተሽ የፈረምሽው የፍቺ ስምምነት ፍርድ ቤት ገብቶ ፍርድ ከሆነና ሰፖርት ለዘለቄታው ቀርቷል የሚል ካለበት፣ ነገ ብትታመሚ ሥራ ብታጪ ተመልሰሽ የምትጠይቂበት በር ይዘጋል። የመጀመሪያውን የሚያፈርሱልሽ ምክንያቶች ለሁለተኛው ላይሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ እሁድ ምንም አትፈርሚ። አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ፣ ቼክ ተቀብለሽ ከኋላው የምትፈርሚው «ተስማምቻለሁ» የሚል ጽሑፍም ቢሆን፣ ቴክስት ላይ «እሺ» ብለሽ የምትመልሺውም ቢሆን።

ሽማግሌዎቹን አክብሪያቸው፣ ቡና አፍይላቸው፣ ጥሩ ሰዎች ይሆናሉ፣ ጊዜያቸውን ትተው ነው የሚመጡት። ምናልባት እንዲህ ብትያቸው፣ «አባቶቼ አከብራችኋለሁ፣ ትዳሩን ለማስታረቅ ከሆነ ዛሬም እሰማለሁ፣ የገንዘብና የቤት ነገር ግን የምፈርመው ወረቀት ስላለበት የሚያነብልኝ ሰው ካገኘሁ በኋላ ነው»። ይሄ ንቀት አይደለም። ደግሞም በሱ በኩል ጠበቃ አለ፣ ባንቺ በኩልም ይኑር ማለት ነው፣ ማንም አስተዋይ ሽማግሌ ይሄን አይቃወምም። ቢገፉሽ ከመካከላቸው ልብሽ የሚያምነውን አንዱን ከእሁድ በፊት ደውለሽ ለብቻው አስረጂው፣ አንድ ሰው ቀድሞ ሲገባው ጠረጴዛው ላይ ብቻሽን አትሆኚም።

ቤቱን ልቀቂ ያለሽን በተመለከተ፣ ቤቱ በሱ ስም ቢሆንም ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳያመጣ በቃል ሊያስወጣሽ አይችልም፣ አንቺም ተናደሽ ልጆቹን ይዘሽ ወይም ትተሽ እንዳትወጪ፣ ያ በኋላ የልጆቹን ጉዳይ ያወሳስባል። ይሄን ግን የምልሽ ሰላም ከሆንሽ ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ አልጻፍሽውምና ልጠይቅሽ፣ ይጮህብሻል? ያስፈራራሻል? ስልክሽን ያያል? እጁን አንስቶብሽ ያውቃል? ለአንዱም መልስሽ አዎ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል፣ ቅድሚያ ያንቺና የልጆቹ ደህንነት ነው፣ 1-800-799-7233 የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ነው፣ ቀንም ማታም ይሠራል፣ አስተርጓሚ ጠይቂ። ግሪን ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ ካለሽ ደግሞ እንዳትሰሚው፣ የ10 ዓመቱን ይዘሻል፣ መፋታት ብቻውን አይነጥቅሽም፣ እሱም ደውሎ የሚያሰርዘው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ እኔ እንደሚመስለኝ የበለጠ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነው። ስግብግብ እሆናለሁ ወይ? እናትሽን እረዳታለሁ፣ አገራችን ፍቺ ሲባል ሰው የሚያውቀው ንብረት መካፈልና የልጅ ቀለብ ነው፣ ለሚስት በየወሩ የሚከፈል ነገር ሲባል ምጽዋት ይመስላቸዋል፣ ልጃቸው እጇን ዘርግታ እንድትታይ አይፈልጉም። ግን እስቲ ሌላውን እየው። ባንክ ቤት አካውንታንት ነበርሽ። ያንን ለቀሽ መጣሽ፣ ልጆቹን ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፣ እሱ መንገድ ላይ ሲሆን ኢንቮይሱን ማታ ላፕቶፕ ላይ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ቢዝነሱ ሲያድግ ያንቺ ሲቪ 8 ዓመት ባዶ ሆኖ ቀረ። የካሊፎርኒያ ዳኛ ሰፖርት ሲወስን እንዲመለከት ሕጉ በቁጥር 4320 ከዘረዘረለት ነገሮች መካከል ይሄ አለ፣ ለቤትና ለልጅ ብላ ከሥራ በመቅረቷ የገቢ አቅሟ ተጎድቷል ወይ፣ ተመልሳ ሥራ ለመያዝ ምን ያህል ጊዜና ትምህርት ያስፈልጋታል፣ የሱ የመክፈል አቅምስ፣ በትዳር ጊዜ አኗኗራቸው ምን ይመስል ነበር። የምትጠይቂው የሰው ገንዘብ ሳይሆን እነዛ ዓመታት እንዲቆጠሩልሽ ነው። ለእናትሽ በዚህ መልኩ ብትነግሪያት ይገባት ይሆናል፣ ሂሳብ ሠርቼ ነው ያደርኩት በያት፣ ያለ ደሞዝ።

የሚጠበቀውን ነገር ግን ከልኩ በላይ እንዳታደርጊው ልንገርሽ። ፕሪናፑ ወደቀ ማለት ይሄን ያህል ታገኛለሽ ማለት አይደለም፣ ዳኛው ሁኔታውን አይቶ ነው የሚወስነው። ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ትዳር በአብዛኛው የሚታሰበው የትዳሩ ግማሽ ዕድሜ ያህል ነው፣ ላንቺ 4 ዓመት ገደማ፣ ዳኛው ሊያሳጥረውም ሊያስረዝመውም ይችላል። 10 ዓመት ሲሞላ ሌላ ደረጃ ነው፣ ስለዚህ ተለያይተናል የሚባልበት ቀን ራሱ ያከራክራል፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የተለያያችሁት» ብሎ ማንም ቢጠይቅሽ ዝም ብለሽ ቀን አትጥሪ። 4 ዓመት ትንሽ አይደለም እህቴ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ የአካውንቲንግ ትምህርትሽን እዚህ የምታሳድጊበት፣ ታናሿ ልጅሽም ትምህርት ቤት የምትረጋበት ጊዜ ነው። የልጆቹ ቻይልድ ሰፖርት ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው፣ ፕሪናፕ ሊቀንሰው አይችልም፣ እሱ «የልጆቹን እከፍላለሁ» ሲል ችሮታ እያደረገ አይደለም።

ይሄን ሳምንት እንዲህ ብታደርጊ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ፕሪናፑን ፈልጊና እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ከቻልሽ አብሮ የታክስ ሪተርን፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የአይ-864 ኮፒ ካለ፣ እና አንቺ የሠራሻቸው ኢንቮይሶች፣ ኢሜይል ላይ ቀኑ ይታያልና እሱ ጥሩ ማስረጃ ነው። እሱ ወደማያውቀው አዲስ ኢሜይል ላኪያቸው፣ ፓስወርዱን ቀይሪ። የተደበቀ ነገር መስረቅ አይደለም፣ አንቺ የምትሠሪበትን ሂሳብ ኮፒ መያዝ ነው፣ የሱን የግል ኢሜይል ግን ሰብረሽ አትግቢ። ቀጥሎ የረቡዑንና የአርቡን ነገር አሁን ትዝ እንደሚልሽ በአማርኛ ጻፊው፣ ማን ምን አለ፣ ማን አስተረጎመ፣ ስንት ደቂቃ ተቀመጣችሁ፣ ያኔ ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ የላክሽው የድምፅ መልእክት ካለ አታጥፊው።

ከዛ የቤተሰብ ጠበቃ፣ ኢሚግሬሽንም የሚገባት ብትሆን ይመረጣል፣ አይ-864ን ብዙ የፍቺ ጠበቆች አያነሱትም፣ አንቺ አንሺው። በምን ገንዘብ እንደምትይ አውቃለሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንደኛው ገቢ ከሌላው በጣም ከበለጠ ዳኛው የጠበቃሽን ወጪ እሱ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል፣ ይሄን ጠበቃዋ ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ትችላለች፣ ለዛም ነው አንዳንዶች በትንሽ ገንዘብ የሚጀምሩት። በየካውንቲው ፍርድ ቤት ደግሞ ሰልፍ ሄልፕ ሴንተር የሚባል አለ፣ በነፃ ነው፣ ፎርም አሞላል ያሳዩሻል፣ የማመልከቻ ክፍያውን ማስቀሪያ ፎርምም እዛው አለ። ፋይሉ እንደተከፈተ ፍቺው እስኪያልቅ የሚከፈል ጊዜያዊ ሰፖርት መጠየቅ ይቻላል፣ ፍቺው ቢያንስ 6 ወር ስለሚወስድ ይሄ ብዙ ነገር ያቃልልሻል፣ ኤፍኤል-300 እና ኤፍኤል-150 የሚባሉት ፎርሞች ናቸው። እሱ ቀድሞ ከሶ ወረቀት ካደረሰሽ ለመልስ ያለሽ 30 ቀን ነው፣ ፈርቶ ዝም ማለት እዚህ ጋ በጣም ይጎዳል። አማርኛ አስተርጓሚም ቀድመሽ ካሳወቅሽ ፍርድ ቤቱ በነፃ ይመድብልሻል፣ ሁለተኛ እሱም ሆነ የሱ ሰው እንዳያስተረጉምልሽ።

ሰው ምን ይላል ያልሽው ነገር፣ መቼም ይላል። ባትጠይቂም «ምን አድርጋው ነው እንዲህ ባዶ እጇን የወጣችው» ይላሉ። አንድ የምታምኛት ሴት ግን አለች? ከቤተክርስቲያን፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከዕድርተኛ፣ ጠበቃ ጋ ስትሄጂ ልጆቹን የምትይዝልሽ፣ እሁድ ማታ የምትደውይላት። እሷን ዛሬ ንገሪያት፣ ጠበቃዋ ጋ ደግሞ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ቢሆን እንኳን ከእሁድ በፊት ስልክ ደውለሽ ያዢው፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ «ለማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ» ለማለት እንድትችይ።